የእህተማርያም ፍሪጅ

መምህር ዓባይነህ አሮጌውን ፍሪጅ የሸኘው እየተሳደበ ነው። የሚሳደበው ግን ፍሪጁን አልነበረም፤ ይሸኝ ያሉትን ሁሉ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የፈረስ ጋሪ በሩ ላይ ቆሞ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጠግነው ክንዴና ባለ ጋሪው ፍሪጁን በገመድ ሲጠፍሩት፣ እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ያስተምራቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ክፍሉን ይለቃል እንጂ ማስተማሩን አይለቅም።

«ይኸ ዕቃ በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት እንጅባራ ሲገባ በዚህ ሰፈር ፍሪጅ ያለው አንድ ሰው አልነበረም» አለ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልታመመም። አሁን መልኩ ወይቧል፣ በሩ በጎማ ይታሰራል፣ ሌሊት ያጉረመርማል ብላ ልጄ ይውጣ አለች። የሚያጉረመርም ሁሉ የሚወጣ ከሆነ እኔን ለምን አስቀሩኝ?»

«እርስዎን የሚችል ጋሪ የለም መምህር» አለ ክንዴ፣ ገመዱን በጥርሱ ይዞ። የዓባይነህ ተማሪ ስለነበረ ቁጣውን ያውቀዋል።

«ፈረሱም አይስማማም» አለ ባለ ጋሪው።

ዓባይነህ አልሳቀም። ወርዶ የፍሪጁን ጎን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረገው። በሩ ላይ የነጭ ፕላስተር ርዝራዥ አሁንም ተጣብቆ ነበር። የሟች ሚስቱ የእህተማርያም ሥራ ነው። እህተማርያም የስኳር ሕመምተኛ ነበረች፤ ኢንሱሊኗ የሚቀመጠው እዚህ ውስጥ ነበር። ፍሪጅ የሌላቸው ጎረቤቶችም የየራሳቸውን ብልቃጥ እሷ ዘንድ ያኖሩ ነበር፤ ስማቸውን በፕላስተር ላይ ጽፋ ትለጥፍላቸዋለች። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። አሁን የቀረው የአንዲት ልጅ መድኃኒት ብቻ ነው፦ የጎረቤቱ የፀጋነሽ ልጅ፣ የሶስና።

ጋሪው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆሞ አየው። ከዚያ ገብቶ ልጁ ምሕረት ከባሕር ዳር በአይሱዙ የላከችውን አዲሱን ፍሪጅ እንደ ባላጋራ አፈጠጠበት። ፍሪጁ በገባ ማግሥት የባሕር ዳር መንገድ ተዘግቶ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ክንዴ ገጠመልዎት?»

«ገጠመልኝ።»

«የሶስናን መድኃኒት መሀለኛው መደርደሪያ ላይ ያድርጉት። ከላይ እንዳያደርጉት፣ እሱ በረዶ ቤት ነው።»

«እናትሽ ሁልጊዜ ከላይ ነበር የምታስቀምጠው።»

«የድሮው ሌላ ነው አባዬ፣ ይኸኛው…»

«ፍሪጅ ፍሪጅ ነው። መድኃኒቱ የሚፈልገው ብርድ ነው፤ ብርዱ ያለው ከላይ ነው። በዚያ ፍሪጅ ስንት ሰው እንደ ኖረ ታውቂያለሽ? አንቺ ባንክ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ እናትሽን ልታርሚ ነው?»

«እሺ፣ እንዳሉ» አለች ምሕረት። እናቷን ካነሣ በኋላ የሚመለስ መልስ እንደሌለ ታውቃለች፤ እሱም ስለሚያውቅ ነው የሚያነሣት። ስልኩን ዘጋ። ክርክር አሸንፎ ስልክ እንደ መዝጋት ያለ ደስታ ጥቂት ነው። በዚያ ደስታ ሦስት ብልቃጥ የያዘውን ካርቶን አንሥቶ ላይኛው ቤት ውስጥ፣ ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ አስቀመጠው።

በቀጠሉት ሦስት ቀናት መብራት ለአንድ አፍታ እንኳ አልጠፋም።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፀጋነሽ መጣች። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ አንገቷ ላይ ሜትር እንደ ተንጠለጠለ ነው።

«እንዴት አደሩ መምህር? አንዱን ብልቃጥ ይስጡኝ። የተከፈተው ዛሬ ጠዋት አለቀ፤ የማታውን ከአዲሱ ነው የምወጋት።»

«ግቢ፣ ቁጭ በይ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። የላይኛውን በር ሲከፍት ካርቶኑ ከግድግዳው ጋር በበረዶ ተጣብቆ ነበር። በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣው። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አነሣው። እንደ ውኃ የጠራ መሆን የነበረበት ነገር ነጭ ድንጋይ ሆኗል። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም።

«መምህር፣ አለ አይደል?» አለች ፀጋነሽ ከሳሎን።

ዓባይነህ በሕይወቱ ብዙ ሰው አስቀይሟል፤ ዋሽቶ ግን አያውቅም ይባልለታል። እሱም ይህን ስለ ራሱ ያምን ነበር።

«አለ» አለ። «እጄ ቅባት ነው፣ ቁርስ እየበላሁ ነው። እኔው አመጣልሻለሁ።»

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ብቻ ይድረስልኝ እንጂ አያስቸኩልዎትም» አለችና ሄደች።

ሩቅ መሄዷን ሲያረጋግጥ ሁለቱን ብልቃጥ ወደ ላይኛው ቤት መልሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን በሁለት መዳፉ መሀል ያዘ። ብርዱ እስከ ክርኑ ዘለቀው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲገልጠው መድኃኒቱ ቀልጦ ነበር። የጠራ ነው፤ ከሌላ ብልቃጥ ለይቶ የሚያውቀው ሰው የለም። ካርቶኑን አዞረው። ጎኑ ላይ ሕፃን በሚያነበው እንግሊዝኛ በረዶ እንዳይሆን፣ በረዶ ከሆነም ጥቅም ላይ እንዳይውል ተጽፏል። ለሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ «ጥያቄውን ሳታነብ መለስህ» እያለ በቀይ እስክሪብቶ ሲቀጣ የኖረ ሰው ካርቶኑን አላነበበውም።

ምናልባት አምራቾቹ ለጥንቃቄ ብለው ይሆናል፣ ሲል አሰበ። ፋብሪካ ሁሉ ከክስ ለመዳን የሚጽፈው አያልቅበትም። ምናልባት ኃይሉ ትንሽ ቢቀንስ ነው። ያልተማረ ሰው ጥፋቱን ለመደበቅ የሚያገኘው አንድ ሰበብ ነው፤ የተማረ ግን ዐሥር ያገኛል፣ ዐሥሩንም በቁጥር ያስቀምጣቸዋል። ዓባይነህ አራተኛው ላይ ሲደርስ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሣ። በዚህ የተወጋች ልጅ ማታ በደንብ ትተኛለች፤ ነገ ውኃ ውኃ ትላለች፤ ከነገ ወዲያ ትንፋሿ ይከብዳል። እህተማርያም አንድ ጊዜ እንደዚያ ሆና በቃሬዛ ነው የወጣችው።

የከተማውን መድኃኒት ቤቶች አንድ በአንድ ዞረ። ባጃጆቹ መንገድ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወታሉ። ሁሉም ጋ መልሱ አንድ ነው፦ መድኃኒት የጫነው መኪና ዳንግላ ደርሶ ቆሟል። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ብቻ በርኅራኄ አየችው። «ያለው አልጋ ለያዙት ብቻ ነው አባቴ። ልጅቷ ካመማት ቶሎ ይዘዋት ይምጡ።» ካመማት። በዚህች ቃል ተናዶ ሊናገራት አፉን ከፈተና ዘግቶ ወጣ።

ቁጣው ግን መውጫ ይፈልግ ነበር፤ ክንዴ ሱቅ አደረሰው። ሰዓቱ ስድስት አልፏል። አሮጌው ፍሪጅ ግድግዳ ተደግፎ፣ በሩ ተነቅሎ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ቆሟል።

«አዲሱን ስትገጥም ምን አድርገህበት ነው?» አለ ዓባይነህ ሰላምታ ሳይሰጥ። «የልጅቱን መድኃኒት ድንጋይ አደረገው።»

ክንዴ መፍቻውን አስቀመጠ። «የት አስቀምጠውት ነው?»

«የሚቀመጥበት ነዋ። ከላይ።»

«መምህር፣ በረዶ ቤት በረዶ ይሠራል። ሥራው ነው።»

«የድሮው ለምን አልሠራም ታዲያ? ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልሠራም?»

ክንዴ ወደ አሮጌው ፍሪጅ አየ፤ ከዚያ ወደ እጁ። «የድሮው ሞቶ ነበራ።»

«ምን?»

«ከሁለት ሺህ ስድስት ጀምሮ። ጋዙ ያፈስ ነበር። ላይኛው ቤት በግድ እንደ ጓዳ ይበርድ ነበር፤ ታችኛው ቁም ሣጥን ነው። እርስዎ ለፈተና እርማት ባሕር ዳር በሄዱ ቁጥር እትዬ እህተማርያም ይጠሩኝና ጋዝ እሞላለሁ፤ ከክረምት ክረምት አያደርስም። እሳቸው ካረፉ ወዲህም በሩን ላስተካክል እያልሁ ሞልቼዋለሁ። የሁሉንም መድኃኒት ከላይ ያደረጉት ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው።»

«ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?»

«ይተዉት መምህር።»

«ተናገር ብዬሃለሁ።»

«ጠይቄያቸው ነበር» አለ ክንዴ። «‹እሱ አንድ ቀን አልታመመም እያለ ለሀገሩ አውርቷል። ከእሱ ጋር ከምከራከር መድኃኒቱን ከላይ ባደርግ ይቀለኛል› አሉኝ።»

ዓባይነህ ወደ ፍሪጁ ሄደ። እጁን ላይኛው ቤት ውስጥ ሰደደ። ብረቱ ሞቅ ብሏል፤ ፀሐይ አግኝቶት ነበር። ወለሉ ላይ ብልቃጥ የቆመባቸው ትናንሽ ክብ ምልክቶች ጎን ለጎን አሉ፤ በጣቱ አንድ ሁለቱን ዳሰሳቸው። ስምንት ዓመት ያህል እዚህች ሣጥን አጠገብ ቆማ አንዲት ሴት ሁለት በሽታ ታስታምም ነበር፤ የራሷን ስኳርና የእሱን አፍ። ቅዳሜ ለጋሪው ያደረገው ንግግር ትዝ አለውና ጆሮው ጋለ።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለ፣ ዞር ሳይል።

«ሞተሩን አወጣለሁ። ቀሪውን አንዲት ሴት ለጤፍ ማስቀመጫ ጠይቃኛለች። አይጥ አይገባበትም።»

«ስጣት» አለና ወጣ።

አሁን የቀረ አንድ በር ነበር፤ ያ በር ደግሞ የመሳፍንት ነው።

መሳፍንት ጡረታ የወጣ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነው፤ እሱም በኢንሱሊን ነው የሚኖረው። ድሮ ብልቃጡ እህተማርያም ዘንድ ነበር የሚቀመጠው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ የፀጋነሽ ባል ዮናዳብ ሲሞት፣ ሰውዬው ጴንጤ ነውና የእድሩ ድንኳን አይተከልለትም ብለው ከተነሡት አንዱ መሳፍንት ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ዓባይነህ ያን ቀን አንበሳ ሆኖ ተከራከረ፤ ረታም፤ ድንኳኑ ተተከለ። መሳፍንት ግን ቀብሩ ላይ ሳይገኝ ቀረ። ዓባይነህ በማግሥቱ የመሳፍንትን ብልቃጥ ከፍሪጁ አውጥቶ በሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠና «ና ውሰድ» ብሎ ሰው ላከበት። እህተማርያም ሦስት ቀን አላነጋገረችውም። ልክ የነበረ ሰው ልክነቱን እስከ ጭካኔ ሲጎትተው የሚያቆመው የለም፤ ሁሉም ያጨበጭብለታል።

መሳፍንት አንድ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«ዓባይነህ ነህ ወይስ ዓይኔ ነው?» አለ። «ስኳር ዓይንም ይይዛል ይላሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።» ዓባይነህ ቆሞ ቀረ፤ ተቀመጥ ያለው የለም። «ኢንሱሊን አለህ?»

«ፍሪጅህስ? ልጅህ ትልቅ ፍሪጅ ላከችለት ሲሉ ሰማሁ እኮ።»

«እሱ ነው ያበላሸው። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

መሳፍንት ቅንድቡን አነሣ። ወደ ጥላው ሥር፣ በሌላ ማሰሮ ውስጥ ወደ ተቀመጠች ትንሽ ማሰሮ በዱላው አመለከተ፤ በመሀላቸው ያለው አሸዋ ርሷል። «ባስወጣኸኝ ማግሥት ነው የሠራኋት። እንጅባራ ሆኖ ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ለዓሣ ውኃ የሚቀዳ ሰው ነው። ሁለት ብልቃጥ አለኝ።»

«አንዱን አበድረኝ። መንገድ ሲከፈት እመልሳለሁ።»

«ለማን ነው?»

«ለሶስና። ለፀጋነሽ ልጅ።»

መሳፍንት ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

«እናቲቱ ታውቃለች?»

«አልነገርኋትም።»

«ገባኝ። ከእኔ ወስደህ፣ ፕላስተር ለጥፈህ፣ ከፍሪጅህ እንዳወጣኸው አድርገህ ልትሰጣት ነው።»

ዓባይነህ ከቤቱ እስከዚህ ሲመጣ ያሰበው ቃል በቃል ይህንኑ ነበር።

«ለአንተ አልሰጥም» አለ መሳፍንት። «ለእሷ እሰጣለሁ። ትምጣ።»

«ባሏን ለመቅበር እግርህ ያልተነሣ ሰውዬ፣ በርህ ላይ መጥታ እንድትለምንህ ነው?» የዓባይነህ ድምፅ ወደ ድሮው ቦታው ወጣ። «ልጅቷ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ያላት፣ አንተ እዚህ…»

«ትለምነኝ አላልሁም፤ ትምጣ ነው ያልሁ።» መሳፍንት አልጮኸም። «ያን ጊዜም እንዲህ ጮኸህ አሸነፍኸኝ። ስትጮህብኝ ያንተን እንጂ የሷን ድምፅ አልሰማሁም። ስምንት ዓመት በሷ ደጅ ላለማለፍ ዞሬ ነው ገበያ የምወጣ፣ በዚህ እግሬ። ለእሷ የምነግራት አለኝ፤ ለአንተ የምነግርህ የለኝም። ሂድ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ዓባይነህ ሄደ። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጀ፤ ሦስቱም «ልጄ የላከችው ፍሪጅ» ብለው ይጀምሩ ነበር። የፀጋነሽ በር ላይ ሲደርስ የስፌት መኪናዋ ይሰማል። ቆመ።

«አመጡልኝ?» አለች፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ።

«ፀጋነሽ፣ መድኃኒቱ በረዶ ሆኗል። ሦስቱም። ምሕረት ከላይ አታድርገው ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ከእንግዲህ አይሠራም።»

እግሯን ከመርገጫው አነሣች።

«መቼ ነው ያዩት?»

«ጠዋት። አንቺ ሳሎን ሆነሽ።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው የመጣሁት መምህር። አሁን ዘጠኝ ተኩል ነው።» አልተቆጣችም፤ ሂሳብ እንደምታስረዳ ነበር። «ሰባት ሰዓት ተኩል ወሰዱብኝ። ጠዋት ቢነግሩኝ በእግሬ ዳንግላ መንገድ ጀምሬ ነበር።»

«መሳፍንት አንድ አለው። ለአንቺ ብቻ ነው የምሰጥ ብሎ…»

ስሙን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ነጠላዋን አነሣች። ዓባይነህ ሊከተላት ተነሣ።

«እርስዎ አይምጡ» አለች። «እዚህ ከልጄ ጋር ይቀመጡ።»

ሶስና ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ዐሥር ሰዓት ሆነ። ዓባይነህ ዓይኑን ከበሩ አላነሣም።

«በረዶ ሆኖ ሲያዩት ምን ይመስላል መምህር?» አለች ሶስና።

«ነጭ።»

«ስኳር ይመስላል በሉኛ» አለችና ሳቀች። እሱ ሳይስቅ ሲቀር እሷም ተወችው። ትንሽ ቆይታ ተነሥታ ውኃ ቀድታ ጠጣች። ዓባይነህ ጣሳዋን አየ። ሁለተኛ ስትቀዳ፣ «ጠማሽ?» አለ።

«ምሳ ጨው በዝቶበት ነው» አለች። እውነት ይሁን አይሁን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። የመሳፍንት ቤት ሩብ ሰዓት አያስኬድም። ሃያ ጊዜ ሊነሣ ቃጥቶ ሃያ ጊዜ ተቀመጠ። እዚያ ግቢ ውስጥ አሁን ምን እየተባለ እንደሆነ አያውቅም፤ ማን ማንን እንደሚያዋርድ፣ ማን እንደሚያለቅስ አያውቅም፤ ስምንት ዓመት የእሱ ጠብ ነው ብሎ ይዞት የኖረው ጠብ ያለ እሱ እየተነጋገረ ነው።

ፀጋነሽ የገባችው ለዐሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ነጠላዋ በስብሶ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ ዝናብ ይሁን ሌላ አይታወቅም። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ብልቃጥ ከጉያዋ አወጣች። ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፣ ክዳኑን በአልኮል ጠረገች፣ መርፌውን ሞላች፣ ልጇን ወጋች።

«ምን አለሽ?» አለ ዓባይነህ።

«ለእኔ ያለኝን ነው ያለኝ።»

«አዋርዶሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ እኔ…»

«መምህር።» ዞራ አየችው። «ዮናዳብ ሲሞት ቆመውልኛል፤ አልረሳሁም። ግን ያን ቀን ምን እንደምፈልግ ማንም አልጠየቀኝም፤ እርስዎም አልጠየቁኝም። አሁን የምፈልገውን ልንገርዎ። ሦስቱን ብልቃጥ ያምጡልኝ። በእጄ ካልደፋሁት ዛሬ አልተኛም።»

በዝናቡ ውስጥ ሄዶ አመጣቸው። ሁለቱ አሁንም በረዶ ናቸው፣ አንዱ የጠራ። ፀጋነሽ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ በመቀስዋ ጫፍ የቀለጠውን ክዳን ፈልቅቃ በውኃ መውረጃው ላይ ደፋችው። ዓባይነህ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ጮኸ። በረዶዎቹን በሁለት እጁ ይዞ ማሞቅ ጀመረ። አፉ ውስጥ ስለ ፍሪጁ፣ ስለ ክንዴ፣ ስለ እህተማርያም የሚናገረው ብዙ ነገር ነበር። ፀጋነሽ እጇን ዘረጋች። ሁለተኛውን ሰጣት።